ምዕራፍ 7፦ ከመርፌው በፊት፣ ከመርፌው በኋላ

ዓይን ውስጥ መርፌ ይገባል ሲባል ሰው ሁሉ የሚፈራው መርፌውን ነው። ፍርሃቱ አያስወቅስም፤ ነገር ግን ቦታውን ስቷል። በዕድሜ መግፋት የሚመጣውን የማኩላ በሽታ ለማከም የሚሰጠው መርፌ በሠለጠነ እጅና በንጹሕ ክፍል ሲወጋ የሚፈጀው ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ብዙ ተጠንቷል፣ ብዙም ቀንሷል። በዚህ ምዕራፍ የምሟገተው ዋናው አደጋ ያለው ከቅጽበቷ በፊትና በኋላ ነው ብዬ ነው፤ በፊት መድኃኒቱ በመጣበት መንገድ፣ በኋላ ደግሞ ታካሚው ቤቱ ገብቶ በሚያሳልፋቸው ቀናትና ወራት። ለዚህ ክርክር ጅቡቲ ከተማን መርጫለሁ። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባት፣ መድኃኒቷ ከውጭ በባሕርና በአየር የሚገባላት፣ ሐኪሞቿ በፈረንሳይኛ የሚጽፉባት፣ ሕመምተኞቿ ለከባድ ሕክምና ድንበር መሻገር የለመዱባት ከተማ ናት። አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎቿማ ዘመዳቸውም ሐኪማቸውም ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ ነው። እዚህ የሚሠራ የጥንቃቄ ሥርዓት ሌላ ቦታም ይሠራል። (በምዕራፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ በሽታውን እንለይ፤ ምክንያቱም የማይገባው ሰው ላይ የሚወጋ መርፌ፣ የቱንም ያህል በንጽሕና ቢወጋ፣ ደኅና ሊባል አይችልም። ማኩላ በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ በተነጠፈው ሬቲና መካከል ያለች ትንሽ ቦታ ናት። ፊደል የምንለየው፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምናሾልከው፣ የሰው ፊት የምናውቀው በእሷ ነው። በእርጅና ስትጎዳ ጉዳቱ ሁለት መልክ አለው። ደረቁ የሚባለው ቀስ ብሎ ለዓመታት የሚሄድ ሲሆን ከሕመምተኞቹ አብዛኞቹ፣ ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኙ፣ በዚህ ውስጥ ናቸው። እርጥቡ ግን ከሬቲና ሥር አዳዲስ ደካማ የደም ሥሮች በቅለው ውኃና ደም የሚያንጠባጥቡበት ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከባዱን የእይታ ማጣት በብዛት የሚያመጣው እሱ ነው። የምንነጋገርበት መርፌ የሚጠቅመው ለእርጥቡ ነው። ለደረቁ ዓይነት ከባድ ደረጃ አሜሪካ በ2023 ሌላ ዓይነት መርፌ ፈቅዳለች፣ ግን ያ በአሠራሩም በጥቅሙም የተለየ ጉዳይ ነው። መርፌው የዓይን ሞራንም አይገፍም፤ ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ሽማግሌ ዓይን ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። እርጥቡን የሚጠቁመው ምልክት በአብዛኛው ቀጥ ያለው ነገር ሲጣመም ማየት ነው። አንዱን ዓይን በእጅ ከድኖ የበሩን መቃን ወይም የወለሉን ሴራሚክ መስመር ማየት፣ ከዚያም በሌላው ዓይን መድገም ይበቃል። ሁለቱን ዓይን ከፍቶ ማየት ግን ያታልላል፤ ጤነኛው ዓይን የታመመውን ይሸፍንለታል፤ ሰውም ወራት ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው።

«ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ተቃውሞ በአካባቢያችን ይሰማል። እርግጥ ነው፣ እርጥቡ ዓይነት በአውሮፓውያን ዘንድ በብዛት ይታያል። ነገር ግን በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች መካከል ሞራ ግማሹን ሲይዝ፣ የማኩላ ጉዳት 4.8 ከመቶ ወስዶ ከግላኮማ ቀጥሎ ተመዝግቧል። ትራኮማው ሲቀንስና ሕዝቡ ዕድሜ ሲጠግብ ይህ ድርሻ ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ ይላል ብሎ ለመጠበቅ ምክንያት የለም። በዚያ ላይ ያው መርፌ በስኳር ሕመም ምክንያት ላበጠ ማኩላም ይሰጣል፤ ስኳር ደግሞ በቀይ ባሕር ዳርቻ የማይታወቅበት ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ውስጥ ስለዚህ መርፌ ደኅንነት መነጋገር ቅንጦት አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፦ «ለካንሰር የተሠራ መድኃኒት ዓይን ውስጥ ይጨመራል እንዴ?» መልሱ የመድኃኒቱ ታሪክ ውስጥ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎልክማን በ1971 ዕጢ የሚያድገው አዲስ የደም ሥር እየጠራ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። ናፖሊዮን ፌራራ በ1989 ጀነንቴክ በሚባለው ኩባንያ ቤተ ሙከራ ያንን የመጥሪያ ፕሮቲን ለይቶ አወጣ፤ ቪኢጂኤፍ ይባላል። ፕሮቲኑን የሚያስረው ቤቫሲዙማብ፣ በንግድ ስሙ አቫስቲን፣ በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። እርጥቡ የማኩላ በሽታም በሥር መሠረቱ ያው አላስፈላጊ የደም ሥር መብቀል ነው። ኩባንያው ለዓይን ብሎ ራኒቢዙማብ የተባለውን ዘመድ መድኃኒት እያዘጋጀ ሳለ ማያሚ የነበረው የዓይን ሐኪም ፊሊፕ ሮዘንፌልድ በ2005 አቫስቲኑን በጥቂቱ ወደ ዓይን መስጠት ጀመረ። ራኒቢዙማብ በ2006 ሲፈቀድ የአንዱ መርፌ ዋጋ 2,000 ዶላር ገደማ ሆነ፤ የአቫስቲኑ ጠብታ 50 ዶላር አካባቢ ነበር። የትኛው ይሻላል የሚለውን ለመፍታት የአሜሪካ መንግሥት ያስጠናው ካት የተባለው ሙከራ ከ1,000 በላይ ሕመምተኞችን አነጻጽሮ በ2011 ውጤቱን አወጣ። በዓመቱ መጨረሻ በየወሩ ራኒቢዙማብ የተሰጣቸው በአማካይ 8.5 ፊደል፣ ቤቫሲዙማብ የተሰጣቸው 8.0 ፊደል ተጨማሪ ማንበብ ቻሉ። ልዩነቱ ኢምንት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ቤቫሲዙማብን ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው። እንግዲህ ርካሹ ርካሽ የሆነው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ርካሽ የሆነው ለካንሰር በተዘጋጀ ትልቅ ብልቃጥ ስለሚመጣና ስለሚከፋፈል ነው። ጥቅሙ የመጣበት በር ግን የአደጋውም በር ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ስለ መወጋቱ ቅጽበት ብዙ ማለት አያስፈልግም፣ ግን ታካሚው ማየት ያለበት ነገር አለ። ዓይኑ በጠብታ ይደነዝዛል። ከዚያ ፖቪዶን አዮዲን በዓይኑ ገጽና በሽፋሽፍቱ ሥር ይጨመራል፤ ያቃጥላል፣ ግን ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ይኸው ነው፤ «ስለሚያቃጥል ይቅርብኝ» የሚባል አይደለም። የዓይን ቆቡን የሚከፍት መያዣ ይገባል፤ ቀጭኑ መርፌ ከጥቁሩ ዳር 3.5 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ርቆ ነጩ ላይ ይገባና 0.05 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሊትር ሃያኛ፣ ይለቅቃል። በካት ሙከራ ለሁለት ዓመት ከተሰጡት 18,509 መርፌዎች ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ያስከተሉት 11 ነበሩ። ለበርካታ ቀናት የሚታዘዝ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ይህን ቁጥር እንደሚቀንስ ማስረጃ አልተገኘም፤ ይልቁንም ጀርሞቹን መድኃኒት ያላምዳል። የሚገርመው ዝርዝር ሌላ ነው። ከመርፌ በኋላ በሚመጣው ኢንፌክሽን ውስጥ በአፍ የሚኖሩት ስትሬፕቶኮከስ ጀርሞች ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሚታየው እጅግ በበለጠ ድርሻ ይገኛሉ፤ እነሱ ደግሞ ዓይንን በፍጥነት የሚያጠፉ ናቸው። ከአፍ ወደ ዓይን የሚወስዳቸው ንግግርና ሳል ነው። ስለዚህ ጭምብል ይደረጋል ወይም ዝም ይባላል፤ ሁለቱም ቢሆን ይመረጣል። ታካሚው ጭምብል ካደረገ የላይኛው ጠርዝ በፕላስተር ይለጠፍ፣ አለዚያ ትንፋሹ ወደ ላይ ወደ ዓይኑ ይወጣል። የእኛ ሰው ሐኪሙን ሲያገኝ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ጤናው፣ ስለ ሰላሙ ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ሐኪሙም እንዲሁ። ሰላምታው መርፌው ከመጀመሩ በፊት ይለቅ፣ ከቀረም በኋላ ይቀጥል።

አሁን ወደ ብልቃጡ። የአቫስቲን ትንሹ ብልቃጥ 4 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ይይዛል፤ አንድ ዓይን የሚፈልገው 1.25 ሚሊ ግራም ነው። በስሌት ሰማንያ ሰው ይደርሰዋል፤ በተግባር የሚባክነው ተቀንሶ ያነሰ ነው። በብልቃጡ ውስጥ ግን ጀርም የሚገድል ማቆያ የለም። ጎማው አንድ ጊዜ ከተወጋ በኋላ ፍሪጅ ገብቶ ነገም ከነገ ወዲያም እየተቀዳ የሚሰጥ ከሆነ አንድ ስሕተት የብዙ ሰው ስሕተት ይሆናል። በ2011 ማያሚ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ከፋፍሎ ካከፋፈለው አቫስቲን የተነሣ አሥራ ሁለት ሰዎች ዓይናቸው ውስጥ ኢንፌክሽን ገባ፤ ጀርሙ ያው የአፍ ስትሬፕቶኮከስ ነበር። በመስከረም 2010 ሻንጋይ ከተወጉት 116 ሰዎች ስልሳ አንዱ ዓይናቸው ቀልቶ እይታቸው ደፈረሰ፤ መድኃኒቱ ሐሰተኛ ሆኖ ተገኘ። በመስከረም 2023 በፓኪስታን ፑንጃብ ክፍለ ሀገር በንጽሕና ያልተከፋፈለ መርፌ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎችን እይታ አሳጣ። በእነዚህ ሁሉ አደጋው ከመርፌው ጫፍ ቀድሞ ብልቃጡ ውስጥ ነበር። የወጋው እጅ ምንም ያህል ቢሠለጥን ዓይኖቹን አያድናቸውም ነበር፤ ክርክሬም በዚህ ላይ ይቆማል። ማከፋፈሉ ራሱ ግን ኃጢአት አይደለም። አየሩ በማጣሪያ በሚጸዳ ካቢኔ ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ወደ ነጠላ ሲሪንጆች ተቀድቶ፣ ቀኑና የምርት ቁጥሩ ተጽፎበት፣ ከእያንዳንዱ ዙር ናሙና ለጀርም ምርመራ ተይዞ ሲሠራ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዓይኖች ታክመውበታል። ይህ በሌለበት ቦታ ግን የተሻለው መንገድ አንድ ብልቃጥ በአንድ ቀን ከፍቶ፣ ሕመምተኞቹን በዚያው ቀን ሰብስቦ፣ የተረፈውን መድፋት ነው። መድፋቱ ያሳዝናል፤ ከዓይን ግን አይበልጥም።

ከሙቀቱም ጋር መተሳሰብ ይገባል። እነዚህ መድኃኒቶች ፕሮቲን ናቸው፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ፣ ከብርሃን ተጋርደው ይቀመጣሉ። የአንዳንዶቹ መመሪያ ያልተከፈተ ብልቃጥ ከመወጋቱ በፊት በክፍል ሙቀት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል ይላል፤ «የክፍል ሙቀት» የሚለው ግን 25 ዲግሪ ነው። ይህን የጻፉት ሰዎች በሐምሌ ጅቡቲ አላደሩም። በዚያ ወር ሌሊቱ እንኳ ከ30 ዲግሪ ብዙ አይወርድም። ከአምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ወጥቶ ባልባላ ሰፈር እስኪደርስ መኪና ውስጥ የተረሳ ሣጥን መመሪያው ያላሰበው ሙቀት ውስጥ ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚመጣ ሰው ብልቃጡን በቀጥታ በረዶው ላይ ካስቀመጠው ሊረጋ ይችላል፤ የረጋ ፕሮቲን ቀልጦ ቢጠራ እንኳ እንደ ነበረ አይመለስም። ሁለቱንም ስሕተት በዓይን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ፈሳሹ ጠርቶ ይታያል። «በዚህ አገር ቅዝቃዜ መጠበቅ አይቻልም» የሚለውን ግን አልቀበልም። ከሐረርጌ ደጋ የተቆረጠ ጫት በየቀኑ፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ፣ እኩለ ቀን አካባቢ ጅቡቲ ይገባል፤ መዘግየቱ ከተማውን ሁሉ ያነጋግራል። የትኛው ዕቃ በሰዓቱ መድረስ አለበት የሚለውን የሚወስነው የሙቀት መለኪያው ሳይሆን የሚጠብቀው ሰው ነው። ከፋብሪካ እስከ ፍሪጅ አብሮ የሚሄድ ትንሽ የሙቀት መዝጋቢ አለ፤ ፋርማሲው መዝገቡን ማሳየት ካልቻለ ብልቃጡን አለመግዛት ይቻላል።

ከተወጋ በኋላ ስላሉት ቀናት ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የቀላውን ዓይን ነው። ነጩ ላይ የሚታይ ደም መልክ፣ ለአንድ ቀን የሚቆረቁር ስሜት፣ የሚንሳፈፍ ነጥብ ወይም ክብ አረፋ ብዙ ጊዜ በራሳቸው የሚጠፉ ናቸው። የሚያስፈራው እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ እየደፈረሰ የሚሄድ እይታ፣ ብርሃን መጥላትና እየጨመረ የሚሄድ ቅላት ነው፤ በተለይ ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ባለው ጊዜ። የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ደግሞ ሬቲና መላቀቁን ሊጠቁም ይችላል። እነዚህ ከታዩ ማደር የለም፤ ሰኞን መጠበቅም የለም። ሕክምናው ከዓይኑ ውስጥ ናሙና ወስዶ ቫንኮማይሲንና ሴፍታዚዲም የተባሉትን አንቲባዮቲኮች በዚያው ሰዓት ዓይን ውስጥ መስጠት ነው። ሁለቱም በየሆስፒታሉ የሚታወቁ ተራ መድኃኒቶች ናቸው፤ በትክክለኛው መጠን አቅልሎ የሚያዘጋጃቸው ሰው መኖሩ ግን አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት። ለጥቂት ቀናት ውኃ ዓይን ውስጥ እንዳይገባም ይመከራል፤ ለሶላት የሚታጠበው ፊቱን በጥንቃቄ ያብስ፣ ጠበል የሚጠመቀው ደግሞ ቀኑን ያዘግይ። የእምነት አባቶችን ማማከር ይህን ቀላል ያደርገዋል።

ድንበር የሚሻገረው ታካሚ ችግር እዚህ ይጀምራል። ሐሙስ አዲስ አበባ ተወግቶ ዓርብ በአውሮፕላን ጅቡቲ የተመለሰ ሰው በመብረሩ አይጎዳም፤ ዓይኑ ውስጥ ጋዝ አልተጨመረምና። ግን ሕመሙ ቢጀምር የሚጀምረው እሑድ፣ ከወጋው ሐኪም ርቆ፣ ሌላ ቋንቋ በሚጻፍበት ከተማ ነው። በባቡር ልመለስ ቢልም መንገዱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እናም ከመወጋቱ በፊት ጅቡቲ ውስጥ የሚቀበለው የዓይን ሐኪም መታወቅ አለበት፤ በፔልቲየር ይሁን በሌላ ሆስፒታል፣ ስልኩ በኪስ ውስጥ ይሁን። ደብዳቤም ይዞ ይምጣ፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የምርት ቁጥሩ፣ የተወጋው ዓይንና ቀኑ ይጻፍበት። ይህ ትንሽ ጉዳይ መስሎ ሁለት ወጥመድ አለው። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሐኪሞች የግራን ዓይን በላቲን ምኅጻር «ኦ ኤስ» ሲሉት ፈረንሳይኛው «ኦ ዤ» ይለዋል፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ በሙሉ ቃል ይጻፉ። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፈ ጅቡቲ ያለው ሐኪም ከሰባት ዓመት በፊት የተሰጠ መርፌ ሊያስመስለው ይችላል። መንገድ ለማትረፍ «ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን ውጉኝ» የሚል ሰውም ይኖራል። ይቻላል፤ ግን እንደ ሁለት የተለያየ ሥራ ተቆጥሮ፣ አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ጓንት፣ ከተቻለም የተለያየ የምርት ቁጥር ያለው መድኃኒት ተይዞ ነው። በቅርቡ ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የደረሰበት ሰው ይህን ሳይደብቅ ይናገር፤ በዓይን ውስጥ የሚሰጠው መጠን ትንሽ ቢሆንም ሐኪሙ ጊዜውን ሊመርጥ ይችላል።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው፦ «አንድ ጊዜ ከጀመሩት አይለቅም፤ ካልቻልኩ አልጀምረው።» መጀመሪያው እውነት ነው። መርፌው የደም ሥሩን የመጥሪያ ድምፅ ለጥቂት ሳምንታት ዝም ያሰኛል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅልም። በተለምዶ ሦስት መርፌ በየወሩ አንድ እየሆነ ይሰጥና ዓይኑ ከደረቀ ክፍተቱ በሁለት በሁለት ሳምንት ይሰፋል። የሬቲናን ንብርብር በብርሃን የሚያሳየው ኦሲቲ ምርመራ ውኃ መመለሱን ካሳየ ክፍተቱ ይጠባል። በመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ሙከራዎች የተሳተፉ ሰዎች ከሰባት ዓመት በኋላ ሲፈተሹ ከሦስቱ አንዱ ያህል እይታቸው በጣም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ሙከራው አልቆ መርፌውም አልፎ አልፎ ብቻ የሆነባቸው ብዙዎች ነበሩ። ነገር ግን ከዚህ «አልጀምርም» የሚል መደምደሚያ አይወጣም። ያልታከመ እርጥብ ማኩላ በወራት ውስጥ ማዕከሉን ጠባሳ ያደርገዋል፤ ከጠባሳ በኋላ መርፌ ፋይዳ የለውም። ቆይተው የሚያቋርጡት መርፌ እንኳ የተገኘውን ጊዜ ይሰጣል። ትክክለኛው ጥያቄ «እስከ መቼ?» ሳይሆን «ቀጣዩ የት?» ነው። ጅቡቲ በክረምቱ ሙቀት ብዙ ሰው ወደ ደጋ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ ቀጠሮው ከዚያ ጉዞ ጋር ከተሰላ፣ የክረምቱ መርፌ አዲስ አበባ፣ የበጋው እዚያው ጅቡቲ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ሐኪሞች አንድ መዝገብ እስካዩ ድረስ።

«ለአንዲት ትንሽ አገር ይህ ሁሉ ሥርዓት አይከብድም?» ይባላል። የጅቡቲ ትንሽነት እንዲያውም ጥቅሟ ነው። ከአገሪቱ ሕዝብ አብዛኛው በአንዲት ከተማ ይኖራል፤ ከባልባላ መሃል ከተማ በአውቶቡስ ይደረሳል። ሰፊ አገር ላይ የማይሆነው፣ አንድን ብልቃጥ በአንድ ቀን ከፍቶ ሁሉንም ሕመምተኛ በዚያው ቀን መጥራት፣ እዚህ ይሆናል። ብልቃጡ ሙሉ ለሙሉ ባይጠቅምም ዋጋው ለአሥርና ለአሥራ አምስት ሰው ሲከፈል ከውድ አማራጮቹ በእጅጉ ያነሰ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ለዓይን ተብሎ የተዘጋጀ ቤቫሲዙማብ ስለፈቀደም ማከፋፈሉ ራሱ የማያስፈልግበት ቀን ሩቅ ላይሆን ይችላል። እስከዚያው ግን በጀት የያዘ ሆስፒታል ከማሽን በፊት ሊገዛው የሚገባው የሙቀት መዝጋቢ ያለው ፍሪጅ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በሦስተኛው ቀን ለእያንዳንዱ ለተወጋ ሰው ደውላ «ያምዎታል? እይታዎ እንዴት ነው?» ብላ የምትጠይቅ፣ ቀጠሮውን ያለፈውንም በስሙ የምትፈልግ አንዲት ነርስ መቅጠር ነው።